የበሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

በቅርቡ የእህቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ላመጣት ሄጄ ከሰዓቱ ቀድሜ ደረስኩ። ዝናብ ስለነበር ዘበኛው አዘኑልኝና ከጥበቃ ቤታቸው ሥር አስጠጉኝ። እዚያ ቆሜ ግቢውን ሳይ ሁለት በር እንዳለው አስተዋልኩ። አንዱ እኔ የገባሁበት ነው። ሌላው ከኋላ በኩል ያለ የብረት በር ነው፤ ሰንሰለት ተጠምጥሞበታል፣ ከፊቱ ደግሞ የተሰባበሩ ዴስኮች ተከምረዋል።

«ጋሼ፣ ያ በር አይከፈትም?» አልኳቸው።

«ምን ሊያደርግ? በአንዱ መግባት መውጣቱ መች አነሰ።»

«ድንገት እሳት ቢነሳስ?»

«ኧረ ክፉ አታውራ ልጄ!» አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ቁልፉ እንደሆነ ንብረት ክፍል ነው ያለው። ልጅቷ ደግሞ ዛሬ አልገባችም» አሉኝ።

በእሳቸው አልፈርድም። የተቀጠሩት በር እንዲዘጉ ነው፤ ሥራቸውን ደግሞ በደንብ ይሠራሉ። እኔንም መታወቂያ ሳያዩ አላስገቡኝም። ጥያቄው ሌላ ነው። ስለ ትምህርት ቤት ደህንነት ስናወራ በአእምሯችን የሚመጣው ዘበኛ፣ ፍተሻ፣ አጥር ላይ የተተከለ ስባሪ ጠርሙስ፣ ገንዘብ ካለም ካሜራ ነው። ሁሉም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ማን እንዳይገባ? ሁለተኛውን ጥያቄ ግን የሚጠይቅ ብዙም የለም፦ ልጆቹ መውጣት ሲኖርባቸው እንዴት ይወጣሉ?

ሌሊት ሆነና አለፈ

የ2017ን የመሬት መንቀጥቀጥ አትረሱትም። በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የጀመረው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ንዝረቱ አዲስ አበባም ድረስ እየመጣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችን በሌሊት ልብስ ደረጃ አስወርዷል። ቴሌግራሙ ሁሉ «ተሰማችሁ?» በሚል ጥያቄ ይሞላ ነበር።

አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልንም። ከትልልቆቹ መካከል አንዱ የመጣው ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በሬክተር ስኬል 6 ገደማ የተለካው ደግሞ የካቲት 7 ቀን፣ ዓርብ ምሽት 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ትምህርት ቤቶች ባዶ ነበሩ።

አሁን ያንኑ ንዝረት ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አድርጋችሁ አስቡት። ሕንፃው ይፈርሳል እያልኩ አይደለም። ሕንፃው ምንም ሳይሆን እንኳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል «መሬት ተንቀጠቀጠ!» ብሎ በአንድ ጠባብ ደረጃ ሲግተለተል፣ ሦስተኛው ፎቅ ሲቀላቀል፣ ታች ያሉት የኬጂ ልጆች መሃል ሲገቡ ይታያችሁ። እንዲህ ሲሆን ሰው የሚጎዳው በንዝረቱ ሳይሆን በግፊያው ነው።

«ይሄ እኮ አንድ ሰሞን የመጣ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። አዲስ አበባ ያለችው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር በደሴ መንገድ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳልነበረች አድርጓታል። በ1961 ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈርሳለች። ምድሪቱ ያኔም ትንቀሳቀስ ነበር፣ አሁንም ትንቀሳቀሳለች። የተለወጠው እኛ ነን፤ ፎቅ ሠራን፣ ልጆቻችንንም ፎቅ ላይ አስቀመጥን።

ሦስት አደጋ፣ ሦስት ትእዛዝ

ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአደጋ የተዘጋጀ ነገር አለ ከተባለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው አልፎ እንደሆን ማን ያውቃል። የዝግጅት መጀመሪያው ግን ዕቃ አይደለም፤ መምህሩም ተማሪውም ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ማወቁ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ለእያንዳንዱ አደጋ የሚሰጠው ትእዛዝ የተለያየ መሆኑ ነው።

እሳት ከሆነ ትእዛዙ «ውጡ» ነው። ቦርሳ ሳይነሳ፣ ጃኬት ሳይፈለግ፣ ወዲያው። ጭስ ካለ ጎንበስ ብሎ ነው የሚኬደው፤ ጭሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ንጹሕ አየር የሚገኘው ከታች ነው።

መሬት ከተንቀጠቀጠ ትእዛዙ መጀመሪያ «አትሩጡ» ነው። ዴስክ ሥር መግባት፣ ጭንቅላትና አንገትን መሸፈን፣ የዴስኩን እግር አጥብቆ መያዝ። መውጣት የሚመጣው ንዝረቱ ቆም ሲል ነው፤ እሱም በተርታ።

ውጭ ግርግር ወይም ተኩስ ካለ ደግሞ ትእዛዙ ይገለበጣል፦ «አትውጡ»። በር መዝጋት፣ ከመስኮት መራቅ፣ መሬት ላይ መቀመጥ። እርግጥ ነው፣ ውጊያ ባለባቸው አካባቢዎች ትምህርት ቤቱ ራሱ አደጋ ላይ ስለሆነ ይሄ ምክር ብቻውን ትንሽ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ከትምህርት ቤት እንዲርቅ ነው።

እንግዲህ ውጡ፣ አትሩጡ፣ አትውጡ፤ ሦስቱን በአንድ ደወል መናገር አይቻልም። ደግነቱ ደወላችን መብራት አይፈልግም። ስንት ትምህርት ቤት ነው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት እየመታ ክፍለ ጊዜ የሚቀይረው? ያንን ቸርኬ ሳያቋርጡ መምታት «ውጡ» ማለት ነው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እየቆረጡ መምታት «በሩን ዝጉ፣ አትውጡ» ማለት ነው ብሎ መስማማት ምንም ወጪ የለውም። ለመሬት መንቀጥቀጥ ደወል አያስፈልግም፤ ምድሪቱ ራሷ ትደውላለች።

በሩ ሲቆለፍ

የተቆለፈ በር ምን እንደሚያደርግ ጎረቤታችን ኬንያ በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ማቻኮስ ውስጥ ኪያንጉሊ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መኝታ ሌሊት ተቃጠለ። 67 ወንድ ተማሪዎች ሞቱ። ከመኝታው በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም የብረት ፍርግርግ ነበራቸው። ሁለቱም የተደረጉት ለደህንነት ተብሎ ነው።

ኬንያ ከዚያ በኋላ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የትምህርት ቤቶች ደህንነት መመሪያ የመኝታ ቤት በር ወደ ውጭ እንዲከፈት፣ መስኮት ፍርግርግ እንዳይኖረው፣ ተጨማሪ የአደጋ ጊዜ መውጫ እንዲኖር አዘዘች። መመሪያው ጥሩ ነው። ሆኖም በነሐሴ 2016 መጨረሻ ኒየሪ ውስጥ የሂልሳይድ ኢንዳራሻ አካዳሚ መኝታ ተቃጥሎ 21 ልጆች አለቁ። ከ150 በላይ ልጆች የሚያድሩበት አንድ አዳራሽ ነበር። መመሪያው ከወጣ ያኔ 16 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሌባን ያስቆማል ብለን የገጠምነው ፍርግርግ ልጅንም ያስቆማል። መመሪያ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማንንም አያወጣም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ከተማችን ውስጥ ስንት አፀደ ሕፃናት አለ ለመኖሪያ ተብሎ በተሠራ ኪራይ ቪላ ውስጥ? ስንት የግል ትምህርት ቤት አለ ለቢሮ በታሰበ ጂ ፕላስ ፎር ላይ? መስኮቱ ሁሉ ፌሮ፣ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ችግሩ ቀላል ነው፦ ሃምሳ ልጅ ከኋላ ሲገፋ ፊት ያለው ልጅ በሩን መሳብ አይችልም።

ኩሽናውን ያየው አለ?

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስንት ልጅ ነው በባዶ ሆዱ ክፍል ውስጥ ራሱን ይስት የነበረ! ጥሩ ሥራ ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን ምገባ ማለት በየግቢው ለብዙ መቶ ሰው የሚያበስል ኩሽና ማለት ነው፤ እሳት፣ ዘይት፣ ጋዝ ወይም ማገዶ።

ሕንድ ውስጥ ኩምባኮናም በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 2004 የሆነው ይሄው ነው። የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳ ከሚበስልበት ኩሽና የተነሳ እሳት በቅጠል የተከደነውን ጣሪያ ያዘ። 94 ሕፃናት ሞቱ። ምግቡ የተዘጋጀው ለእነሱ ነበር።

ይህን የምጽፈው ምገባ ይቅር ለማለት አይደለም። ኩሽናው ከመማሪያ ክፍል ምን ያህል ይርቃል? የጋዝ ሲሊንደሩ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ምግብ የሚያበስሉት እናቶች የዘይት እሳት በውሃ እንደማይጠፋ፣ ይልቁንም በክዳን ታፍኖ እንደሚጠፋ ያሳያቸው ሰው አለ? አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገባቸው አለ? ይሄን ለማየት ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃ ግቢውን መዞር ይበቃል።

ወጥተን የት?

በጣም የሚያሳዝነኝ ታሪክ ግን የጃፓን ነው፤ ምክንያቱም ጃፓን ያልተዘጋጀች አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ኃይለኛው መንቀጥቀጥ ሲመጣ የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ከክፍል በሥርዓት ወጥተው ሜዳ ላይ ተሰለፉ። እስከዚህ ድረስ ምንም አላጠፉም። ከዚያ በኋላ ግን ወዴት እንደሚሄዱ የወሰነ አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበር። ሜዳው ላይ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ ሱናሚው ደረሰባቸው። 74 ተማሪዎችና 10 መምህራን ሞቱ።

ወላጆች ከሰሱ። ፍርድ ቤት ሲመረምረው የትምህርት ቤቱ የአደጋ ሰነድ ልጆቹ የሚሸሹበትን ቦታ በስም አልጠቀሰም፤ በአቅራቢያ ወዳለ ባዶ ቦታ ወይም መናፈሻ ነው የሚለው። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2019 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲዘጋ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱና የአስተዳደሩ መሆኑ ጸና። የተጠየቁት በዚያች ሰዓት ለሠሩት ስህተት ብቻ አይደለም፤ አስቀድመው ባለመዘጋጀታቸው ጭምር ነው።

በዚያው ቀን ካማይሺ በምትባል ሌላ ከተማ ደግሞ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ተርፈዋል። ለዓመታት ተለማምደዋል። ደወል እስኪደወል እንኳ ያልጠበቁ ነበሩ። የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሮጠው ሲወጡ የጎረቤት አንደኛ ደረጃ ሕፃናት አዩአቸውና ተከተሏቸው፤ ታላላቆቹም ታናናሾቹን እጅ ይዘው ወደ ከፍታው ወሰዷቸው።

እዚህ ሱናሚ የለም። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ወጥተን የት? የትምህርት ቤቱ በር አስፋልት ላይ የሚከፈት ከሆነ ስምንት መቶ ልጅ ታክሲ መሃል ልንለቅ ነው? ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ጎረቤቱ ካለው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የወጣት ማዕከል ወይም የወረዳ አዳራሽ ጋር ዛሬውኑ መነጋገር አለበት። ያ ቦታ ደግሞ ስም ሊኖረው ይገባል። «አቅራቢያ ያለ ቦታ» የሚባል ቦታ የለም።

ገንዘብ የለም?

ይህን ያነበበ ርእሰ መምህር «ጠመኔ መግዣ አጥተን» ሊለኝ ይችላል። ይገባኛል። ፎቁን አፍርሶ መሥራት፣ ሁለተኛ ደረጃ መጨመር፣ ጭስ የሚያውቅ መሣሪያ መግጠም ገንዘብ ይፈልጋል። እሱ የባለቤቱና የተቆጣጣሪው ዕዳ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ቆይቷል፤ ትምህርት ቤቶችም ከደረጃ 1 እስከ 4 በኢንስፔክሽን ይመዘናሉ። መዛኙ መዝገብ ካየ በኋላ «እስቲ ደወሉን ምቱት፣ ሰዓት ልያዝ» ቢል ምን ይገደዋል?

የቀረው ግን በእጃችን ያለ ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት በየቀኑ ግማሹን ልምምድ ያደርጋል። የጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ! የአንደኛ ክፍል ልጅ እንኳ የክፍሉ ሰልፍ የት እንደሆነ፣ ከፊቱ ማን እንደሚቆም ያውቃል። በአደጋ ጊዜም ያንኑ ሰልፍ መያዝ ነው። መምህሩ የስም መጥሪያውን ይዞ ይወጣል፣ የክፍል አለቃው ይቆጥራል፣ የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ሚኒ ሚዲያ አለ፤ ስለ ደወሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ይናገር። የቀይ መስቀል ክበብ አለ፤ ቁስል ማሰር ያስተምር። በክራንች ወይም በዊልቸር ለሚሄድ ተማሪ፣ ማየት ለተሳነው ተማሪ ማን እንደሚደርስ በስም ይመደብ፤ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ሁለት፤ አንዱ የቀረ ቀን ሌላው እንዲኖር።

ቁልፉስ? በሩ ክፍት ይደር አልልም። ልጅ የሚሰርቅ አለ፣ መንገዱም መኪና ነው። የምለው በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይኑረው ነው። ይህ ካልሆነም አንዱ ቁልፍ ዘበኛው አንገት ላይ፣ ሌላው ዩኒት ሊደሩ ጋ፣ ሦስተኛው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይሁን። ዴስኮቹም ከበሩ ፊት ይነሱ። ይሄ ሁሉ ሦስት ቁልፍ ማስቀረጫና የአንድ ከሰዓት የጉልበት ሥራ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደን ሌላው ነው፦ «ክፉ አታውራ» የሚለው። አደጋን ስም ጠርቶ መናገር መጥራት ይመስለናል። ልጆቹም ይፈራሉ እንላለን። የማያውቅ ልጅ ግን ከሚያውቅ ልጅ ይበልጥ ይፈራል። አያቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ሟርተኛ ስለነበሩ አይደለም። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻም አይተው ነበር።

ስልኩን የያዝሽው/የያዝከው አንቺ/አንተ

ይህን በስልክ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ርእሰ መምህር አይደላችሁም። ግን ታላቅ ወንድም ናችሁ፣ ታላቅ እህት ናችሁ፣ አክስት ናችሁ፤ ልጅ የምታመጡት እናንተ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁም ገና ዩኒፎርም ለባሽ ናችሁ። የእናንተ ድርሻ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ቁጥሮቹን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ አስገቡ። አዲስ አበባ ላይ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ስትደውሉ «እሳት ተነሳ!» ብላችሁ አትዝጉ። ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውን ታዋቂ ምልክት፣ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ፣ ውስጥ ሰው እንዳለ ተናገሩ። ከዚያም አንድ ሰው ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል። ሰፈራችን የመንገድ ቁጥር ሳይሆን «ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ» እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ በሩ ላይ አትከመሩ። አደጋ ሲሰማ ወላጅ ሁሉ መኪናና ሞተር ይዞ ይመጣል፤ የእሳት አደጋ መኪናው መግቢያ ያጣል። ራቅ ብላችሁ አቁማችሁ ወደ መሰብሰቢያው ቦታ በእግር ሂዱ። ልጁንም መምህሩ ሳያይ፣ ስሙ ሳይመዘገብ ይዛችሁ አትሂዱ። እናንተ በደህና ይዛችሁት ስትሄዱ ውስጥ ቀረ ብሎ ሊፈልገው እሳት ውስጥ የሚገባ ሰው ይኖራል።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮውን ተዉት። የሚያለቅስ ሕፃን ፊት ለቲክቶክ አይደለም። «ስንት ሞቱ አሉ» የሚል ያልተጣራ ወሬ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንዲት እናት ጆሮ ይገባል። ትምህርት ቤቱ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ካለው፣ በአደጋ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንዲጽፍበት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ኔትወርክ ሊጨናነቅ እንደሚችልም አስቡና የት እንደምትገናኙ ከልጁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አራተኛው ከሁሉም ይቀልላል፤ ጠይቁ። በሚቀጥለው የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ ዋጋ ጭማሪው ከተጨቃጨቃችሁ በኋላ እጅ አውጥታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዘንድሮ ስንት ጊዜ ልምምድ አደረጋችሁ? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ቦታ ስሙ ማን ነው? መልስ ካላገኛችሁ መልሱ እሱ ነው።

እኔ ከዚያ ከዝናቡ ቀን በኋላ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ዴስኮቹ ከበሩ ፊት ተነስተዋል። ሰንሰለቱ ግን አሁንም አለ። ዘበኛው ሲያዩኝ ሳቅ አሉና፣ «አንተ ሟርተኛ፣ ቁልፉን ጠይቄልሃለሁ፣ ይሰጡሃል ብለውኛል» አሉኝ። እስካሁን አልሰጧቸውም።

የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደ ቤት ስንሄድ «ደወሉ ዝም ብሎ ቢደወል የት ትሄጃለሽ?» አልኳት። ግር ብሏት አየችኝና፣ «ቤት ነዋ!» አለችኝ።

የእናንተንም ዛሬ ማታ ጠይቋቸው።